ስክሪን የበላው የገብስ ማሳ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ይለሰልሳል ይሉኛል። እኔ ብሶብኛል። ቢሮ እያለሁ ያናደደኝን ነገር እስከ ምሳ ሰዓት እረሳው ነበር፤ ሥራ ይበዛላ። አሁን ሥራ የለም፣ መርሳትም የለም። ልጆቼ "እማዬ፣ ደም ግፊትሽን አስቢ" ይሉኛል። ደም ግፊቴን የማስበው የእትዬ ውዴ ማሳ ሲመለስ ነው።

የተሸኘሁ ቀን መሥሪያ ቤቱ ደገሰልኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ኃላፊዎቹ ተራ በተራ እየተነሱ "ታታሪ፣ ትሁት፣ የቴክኖሎጂ እናት" አሉኝ። ትሁት ሆኜ አላውቅም። ቀጥሎ የሳሎኔን ግድግዳ የሚሞላ ሰፊ ቴሌቪዥን ከነካርቶኑ አምጥተው ሸለሙኝ። እንዲያስረክበኝ ከዚያ ሁሉ ሰው መርጠው ያስነሱት ደግሞ አቶ ዘላለምን ነው። ጨበጠኝ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ጥርሴን ነክሼ ሳቅኩ። አቶ ዘላለምን "አንቱ" ያልኩት ደሞዝ እስከበላሁ ድረስ ነው። አንቱታውን ከቢሮው ቁልፍ ጋር አስረክቤአለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ "እሱ" እያልኩ ብጽፍ ማንም አይቀየመኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከጎንደር ፒያሳ መጀመር አለብኝ።

ደርግ በወደቀ ማግስት የምሠራበት የመንግሥት ሱቅ ተዘጋና ሁለት ልጆች ይዤ ሥራ ፈት ሆንኩ። ፒያሳ ላይ ከጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ባንዱ ሥር ጋሽ ኑሩ የሚባሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም የታወቁ ነጋዴዎች ናቸው። እሳቸው ግን መነገዱ አልሆነላቸውም፤ ዕቃ ሲያዩ መፍታት እንጂ መሸጥ አይመጣላቸውም። የቀጠሩኝ ደንበኛ እንድቀበልና ወለል እንድጠርግ ነበር። አንድ ቀን እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው "ካቻቢቴ" ሲሉኝ፣ ከተደረደሩት ውስጥ የትኛውን እንደሚፈልጉ ሳይነግሩኝ ትክክለኛውን አቀበልኳቸው። ዞረው አዩኝ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያው ሌላ ሰው ተፈለገለት።

የጋሽ ኑሩ ሥራ የሚጀምረው ከጀርባ ነው። ደንበኛ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲገባ ፊቱን አያዩትም፤ ያዞሩትና መነጽራቸውን አስተካክለው ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ጮክ ብለው ያነቡታል። የት እንደተሠራ፣ ምን ያህል ቮልት እንደሚችል፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ። ያንኑ ቴሌቪዥን በወሩ መልሰው ቢያመጡላቸውም እንደገና ያነቡታል። "አንብበውታል እኮ" ስላቸው፣ "ሲሄድ የነበረው መሆኑን ማን ነገረሽ?" ይሉኛል። ሰው ቤት ለቤት ዕቃ ይለዋወጣል፣ ሌላ ጠጋኝ ይከፍተዋል፣ የውስጡን አውጥቶ ሌላ ያስገባበታል። ያኔ ነገር የሚያበዙ ይመስለኝ ነበር።

ተጠግኖ ሲያበቃ ደግሞ ጫፏ የተሸረፈች የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን ከመሳቢያቸው ያወጣሉ። በዚያን ጊዜ ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት መሐሉ ላይ ትልቅ ክብ ያለበት ምስል ይታይ ነበር። ሳህኗን የክቡ መሐል ላይ ይለጥፉና ዙሪያውን የቀረውን ክፍተት በጣታቸው ይለካሉ። ላይና ታቹ፣ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ያ ቴሌቪዥን ከሱቅ አይወጣም። ደንበኛው "ጋሽ ኑሩ፣ ይታያል እኮ፣ በቃ" ቢላቸው፣ "መታየቱንስ ይታያል፤ የሚያሳየው ግን ውሸት ነው" ብለው መልሰው ይከፍቱታል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ እሱን ልማር አልቻልኩም። ከሰው ጋር ከተጋጩ ካቻቢቴውን አስቀምጠው ሱቁን ለእኔ ይተዉና ይወጣሉ። ውዱእ አድርገው፣ ሰግደው፣ ፊታቸው ረጥቦ ይመለሳሉ። የተናደደ እጅ ሽቦ መንካት የለበትም ይሉኝ ነበር።

እያደር ቴሌቪዥን ረከሰ። ሰው የተበላሸበትን ከማስጠገን አዲስ መግዛት ጀመረ። ጋሽ ኑሩ ነገሩን ከእኔ ቀድመው አይተውት ኖሮ፣ አንድ ቀን ኮምፒውተር ወደሚያስተምሩበት ቤት ራሳቸው ወስደው አስመዘገቡኝ። "ይሄም ስክሪን ነው፤ ጀርባ አለው" አሉኝ። ተምሬ ስጨርስ የመሬት መረጃ የሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት ጠጋኝ ብሎ ቀጠረኝ። ስሙን አልጠራም። ስለ ደሞዙም አላወራም፤ ወሬ የሚያስጀምር አልነበረም። ጋሽ ኑሩ ስሰናበታቸው ሳህኗን በጋዜጣ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ።

የመጀመሪያው አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ኮምፒውተር ግን ይፈሩ ነበር። ሁሉንም በጥልፍ ጨርቅ አልብሰዋቸው፣ የሚገለጡት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ጨርቁን ለማስነሳት የታገልኩትን ያህል ለጥገና አልታገልኩም። እሳቸው ሲዛወሩ የመጡት ደግሞ ብልሽት ሁሉ ቫይረስ ነው የሚሉ ሆኑ። ሶኬቱ የተነቀለ ኮምፒውተር እንኳ ቫይረስ ገብቶበት ነበር። ይሄን ሁሉ እያየሁ ሳቅኩ እንጂ አልተናደድኩም። በዓመት ውስጥ ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው በደጋው ወረዳዎች ነበር። ጠዋት ፒክአፑ ላይ ወጥተን፣ የወለቃን ሸክላ ሻጮች አልፈን፣ ብርዱ አጥንት ድረስ እየገባ ሽቅብ ነው።

ዘላለም የሚመራት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከነዚያ አንዷ ነበረች። የካርታ ማተሚያው ቀለሙ ካለቀ ቆይቷል፤ ቀለም ተጠይቆ "በሂደት ላይ ነው" ከተባለም ቆይቷል። ታዲያ የልኬት ሠራተኛው ስንታየሁ የራሱን መላ ፈጠረ። የገበሬውን ማሳ ስክሪኑ ላይ ያወጣል፣ በልምድ የሚያውቀው መጠን እስኪደርስ ያጎላዋል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፎ ድንበሩን በእርሳስ ይገለብጣል። ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ያውቀዋል። ወረቀቱንና ገመዱን ይዞ ማሳ ላይ ወርዶ ችካል ይመታል። መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩበት። ኋላ ሳህኔን አውጥቼ ስክሪኑ ላይ ክብ ስዬ ለካሁ። ዙሪያው እኩል ነው። በድሮዎቹ ወፍራም ስክሪኖች የስንታየሁ ገመድ ትክክል ነበረች። ማሳ ላይ ወርጄም አይቻለሁ፤ ችካሉ ከጥንቱ የድንበር ድንጋይ ጎን ነበር የሚያርፈው።

ከዚያ ሰፋፊዎቹ ስክሪኖች መጡ። የመጡት ስክሪኖቹ ብቻ ናቸው፤ ኮምፒውተሮቹ እነዚያው አሮጌዎቹ ናቸው። ቁመታቸው ከድሮዎቹ ጋር እኩል ነው፣ ወደ ጎን ግን ረዘሙ። የስክሪን ምስል ከነጥብ ነው የሚሠራው፤ ወደ ጎን ይህን ያህል፣ ወደ ታች ይህን ያህል ነጥብ ተብሎ ልክ ይወጣለታል፣ ሪዞሉሽን ማለት ይኸው ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ምስል አውጪ ካርድ የምታውቀው የአሮጌ ስክሪን ልክ ብቻ ነው። ሰፊ ስክሪን ሲሰጧት ያንኑ የምታውቀውን ትልካለች፤ ስክሪኑ ደግሞ ባዶ ቦታ እንዳይቀርበት ምስሉን ወደ ጎን ይወጥረዋል። ወደ ላይና ወደ ታች ምንም አልተነካም። ወደ ጎን ግን ሦስት የነበረው አራት ሆኖ ይታያል። ሰው ያብጣል፣ ክብ እንቁላል ይሆናል።

ዘላለም በጣም ተደሰተ። "ሸጋ ነው፤ ሁሉ ነገር ሰፋ" አለ። እንቁላሉን አሳየሁት። እኔ እንቁላል ስለው እሱ "ክብ ነው፣ ትንሽ ተመችቶት ነው" አለኝና ቢሮው ሳቀ። መጀመሪያ በስክሪኑ በራሱ ቁልፍ ውጥረቱን አረገብኩት። ምስሉ ልኩን ያዘ፣ ግራና ቀኙ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ዘላለም ፊቱ ተለዋወጠ።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ መንግሥት ሙሉ ስክሪን ሰጥቶን እርስዎ ሩቡን ያጠቁሩብናል?"

እሺ ብዬ ወደ ከባዱ ሥራ ገባሁ። ሲስተሙ ውስጥ ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ቦታ አለ። እዚያ ገብቶ ያልሆነ ቁጥር የጻፈ ሰው ኮምፒውተሩ ድንጋይ ሆኖ ሊቀርበት ይችላል። የጽሕፈት ቤቱን ሦስት ስክሪኖች ጀርባ አነበብኩ፤ ስንት ነጥብ እንደሚችሉ፣ ምስሉን በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድሱ። የነበረውን እንዳለ ገልብጬ አስቀመጥኩ። ካርዷ የምታውቃቸው ልኮች የተደረደሩበት ቦታ ሄጄ ከሥራቸው አንድ አዲስ ልክ ጨመርኩ፣ አጥፍቼ አስነሳሁ። ስክሪኑ ጥቂት ጠቆረ። ከዚያ ምስሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ብቅ አለ፤ ጥቁር የለ፣ ውጥረት የለ። ሳህኗን ክቡ ላይ ለጠፍኳት። ዙሪያው እኩል። ስንታየሁን ጠርቼ አሳየሁት፤ ከዚህ ልክ ውጭ ወረቀት እንዳትለጥፍ አልኩት፤ እሺ አለኝ።

ልኩ ሲስተካከል ፊደሉ ትንሽ ደቀቀ። ዘላለም መነጽር ማድረግ ሽማግሌ ያስመስለኛል የሚል ሰው ነው። ፒክአፓችን ገና ከተማዋን ሳይለቅ ከልኮቹ መሐል አሮጌውን መልሶ መረጠ። እኔ ግማሽ ቀን የለፋሁበትን ለመቀልበስ ሁለት ጊዜ መጫን ይበቃል። ለአንዱ ዓይን ብለው የሦስቱንም ኮምፒውተር መለሱ። ስንታየሁም "ኃላፊው ካሉ" ብሎ ወረቀቱን ለጠፈ።

በዚያው ሰሞን በወረዳው የእርከን ሥራ ተጀመረ። ሥራው ራሱ መልካም ነው፣ አፈሩን አድኗል። ግን ለእርከን ድንጋይ ያስፈልጋልና ያ ሁሉ ሕዝብ ሲወጣ ቅርብ ያገኘው የድንበሩን ድንጋይ ነበር። ተለቅሞ ተካበ። አያቶች የተከሉት ምልክት ጠፋና ድንበሩ ከኮምፒውተር እንደገና ይለካ ተባለ። ለካው ማን ነው? ስንታየሁ፣ በእንቁላሉ ስክሪን።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። በቀጣዩ ክረምት ለሌላ ብልሽት ስሄድ የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ጥላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ለቀናት እዚያ እንደሚመላለሱ ዘበኛው ነገረኝ። እኔን ሲያዩ ተነሱ።

"ልጄ፣ ኮምፒውተሩን የምታክሚው አንቺ ነሽ አሉኝ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታሞ ነው እንዴ? የኔን ማሳ ገደል ውስጥ አገኘሁት ብሏል።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ ውዴ ይባላሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአንዲት ልጅና ከአንድ የገብስ ማሳ በቀር ምንም የሌላቸው ሴት። በዚያ መንደር ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀምሮ ወደ ምሥራቅ እስከ ገደሉ አፋፍ አራት ማሳዎች ተደርድረዋል። ከአንድ አያት የወረዱ ስለሆኑ ወርዳቸው እኩል ነው። ሦስቱ የባላቸው የአጎት ልጆች ናቸው፤ የመጨረሻው፣ ገደሉን የሚያዋስነው፣ የእሳቸው ነው። ስንታየሁ ገመዱን ከአጥሩ ይጀምራል። አንደኛው ማሳ ሲሶ ይጨምርና ሁለተኛውን ይገፋል። ሁለተኛውም ሲሶ ጨምሮ ሦስተኛውን ይገፋል። ሦስተኛው ሲሶውን ጨምሮ ሲያልቅ ገደሉ ደረሰ። በወረቀቱ መሠረት የእትዬ ውዴ ማሳ ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ አየር ላይ። ሦስት ሰዎች ሲሶ ሲሶ ተካፈሏቸው፣ ሦስቱም የድንበር ደብተር ተሰጣቸው፣ እሳቸው ግን "መሬትዎ በመረጃ አልተገኘም" ተባሉ።

ሮጬ ገብቼ ክብ ሳልኩ። እንቁላል። ደሜ ፈላ። ዘላለም ቢሮ ሄጄ ያደረገውን ብነግረው፣ ሲስተም የሚያወጣውን እሱ በእጁ ሊቀይር እንደማይችል፣ ቅሬታ ካለም ለኮሚቴ እንደሚቀርብ፣ በጣም በጨዋ አነጋገር አስረዳኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሻይ አዘዘልኝ እንኳ።

ሻዩን ትቼ ከእትዬ ውዴ ጋር ማሳው ድረስ ሄድኩ። ሦስተኛው ሰው፣ አያ ታረቀ የሚባሉት፣ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ እያረሱ ነበር። እትዬ ውዴ ከመንገዱ ዳር ቆመው ቀሩ። እኔ ገባሁ።

"አያ ታረቀ፣ የረገጡት መሬት የማን እንደሆነ አያውቁም?"

በሬዎቹን አቆሙ። ወደ እትዬ ውዴም ተመለከቱ።

"አውቃለሁ እንጂ። ሙሽራ ሆና ስትመጣ በዚሁ በኩል ነው ያስገባናት። ባሏን በዚሁ ነው የሸኘነው። ኮምፒውተሩ ያለውን ግን እኔ ማን ነኝና ነው የማፈርስ?"

ጅራፋቸውን አንስተው ቀጠሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ የማወቅና ያለማወቅ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ሳህኗን ይዤ ብሄድ፣ ባሳያቸው፣ የሚያልቅ። ሁሉም ያውቃል ለካ። አንዱ አጎት ልጅ ያውቃል፣ ሌላው ያውቃል፣ ማሳ አየር ላይ እንደማይዘራ የማያውቅ አንድ ሰው በዚያ ወረዳ የለም። ስክሪኑ የዋሸው ለሚጠቅማቸው ስለሆነ ብቻ እውነት ሆነ። እትዬ ውዴ ስመለስ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ "ምነው ልጄ፣ ገደል ይታረሳል?"

ኮሚቴው የተቀመጠ ቀን ከጎንደር ስነሳ ጀምሮ እሳት ሆኜ ነበር። መንገዱን ሙሉ በልቤ ከዘላለም ጋር ስጨቃጨቅ ደረስኩ። ክፍሉ ሞልቷል። የኮሚቴው ሽማግሎች ከፊት፣ አያ ታረቀና ሁለቱ የአጎት ልጆች ከኋላ፣ እትዬ ውዴ ከበሩ አጠገብ። ክብ ሳልኩ፣ ሳህኗን ለጠፍኩ፣ ግራና ቀኙ እንዴት እንደሚያፈነግጥ አሳየሁ። አንደኛው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩና "ይሄስ እንቁላል ነው" አሉ። ያን ጊዜ ነገሩ በእጃችን ነበር። አያ ታረቀ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ዘላለም ፈገግ አለ። "እንግዲያ ትክክለኛውን ያሳዩና ጉዳዩ ይዘጋ። ኮሚቴው የሚጠብቀው እሱን ነው። ካልቻሉም ይነገረን።"

ካልቻሉ አለኝ። ተቀመጥኩ። የጨመርኩት ልክ ከቦታው የለም፤ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭነውበታል። ምን ገዶኝ፣ ቁጥሮቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እንደተናደድኩ ከሲስተሙ ውስጥ ገባሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። ስክሪኑ ጠቆረ። ቆየ። አሁንም ጥቁር ነው። ከዚያ ከጥቁሩ መሐል በእንግሊዝኛ "ከአቅም በላይ" የምትል ትንሽ ሣጥን ወጥታ ከጥግ ጥግ ትንሳፈፍ ጀመር።

ስክሪኑን ለዋውጠውት ነበር። በክረምቱ ከዘላለም ቢሮ ካለው ከሌላ ፋብሪካ ስክሪን ጋር ቀያይረውታል፤ ከፊት ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። የሰጠሁትን ነጥብ መሸከም አይችልም። ጀርባውን ባዞረው ተጽፎ አለ። ጋሽ ኑሩ ቢሆኑ ከደጅ ሳይገቡ ያዞሩት ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቁልፍ ተጭኖ በትንሹ ልክ ማስገባትና የጻፉትን መሰረዝ። እሱን ልሠራ ስል መብራት ሄደ። በዚያ ወረዳ መብራት ሲሄድ ማንም መቼ ይመጣል ብሎ አይጠይቅም።

ዘላለም አሁንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ባለሙያዋ ስክሪኑን አይተዋል፤ ኮሚቴውም ባለሙያዋን አይቷል" አለ። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። እንቁላል ነው ያሉት ሰውዬ ሲወጡ ዓይኔን አላዩኝም። አያ ታረቀ ቀና ብለው ወጡ። እትዬ ውዴ ጥላቸውን አነሱ፣ "እግዜር ይስጥሽ፣ ደከምሽ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄጄ ሦስቱንም ኮምፒውተር ጀርባቸውን አንብቤ አስተካከልኩ። ስንታየሁ እንደገና ወረቀቱን ለጠፈ፣ አራቱ ማሳዎች አራት እኩል ሆነው ወጡ፣ የመጨረሻው ገደሉ አፋፍ ላይ ልክ አለቀ። ወረቀቱን ይዤ ስገባ ዘላለም የተሰጠ ደብተር እንደማይነሳ፣ ኮሚቴውም ጉዳዩን እንደዘጋው ነገረኝ። ለበላዩ አቤት አልኩ፣ ለበላዩም በላይ አቤት አልኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ለእትዬ ውዴ ምትክ ተብሎ ድንጋያማ ተረተር ተሰጣቸው። አንድ ዓመት ሞከሩት። ከዚያ ቤታቸውን ዘግተው አዘዞ ልጃቸው ዘንድ ወረዱ። ዘላለም ጎንደር ተዛወረ፤ ከፍ ብሎ።

ጋሽ ኑሩ ያኔ ከቤት አይወጡም ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ጀርባውን አነበብሽ?"

"አላነበብኩም።"

"ንዴትሽ ለሴትዮዋ ነበር?"

"ለእሳቸው ነበር።"

"እንግዲያ ለእሷ ስትይ መብረድ ነበረብሽ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆዩም፣ አላህ ይዘንላቸው።

እጄን በሚመለከት እውነታቸውን ነው፤ ተናድጄ ባልነካው ኖሮ ያን ቀን እናሸንፍ ነበር። በቀረው ግን አልስማማም፣ በሕይወት ቢኖሩም እነግራቸው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የበረዱት እነማን ነበሩ? ዘላለም ተናዶ አያውቅም። አያ ታረቀ አልተናደዱም። ሽማግሎቹ አልተናደዱም። የአንዲትን ሴት ማሳ ሁሉም ረጋ ብለው፣ ሻይ እየጠጡ፣ በጨዋ አነጋገር ነው የበሉት። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ጠረጴዛውን ቢመታው ኖሮ እትዬ ውዴ ዛሬ ገብሳቸውን ያጭዱ ነበር። ስለዚህ ልጆቼ ሆይ፣ አልለሰልስም።

ቴሌቪዥኑ ከነካርቶኑ ሰንብቶ ልጄ ከፈተው። እኔም አዘዞ ነው የምኖረው፤ እትዬ ውዴ አንዳንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። ስለ ማሳው አናወራም። ቴሌቪዥኑ የተከፈተ ዕለት ሲገቡ ዜና እየተነበበ ነበር። ዜና አንባቢው ጉንጩ አብጦ፣ ትከሻው ከግድግዳ ግድግዳ ሆኗል። እትዬ ውዴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ትንሽ አዩት፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄም ከነሱ ቤት የመጣ ነው?"

ከልቤ ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን አንጀቴ አረረ። ተነስቼ ቴሌቪዥኑን አዞርኩት፣ መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። መልሼ አዙሬ ልኩን ነካካሁት። ክብ ሰዓት የሚያሳዩበት ጣቢያ ፈልጌ ሳህኗን ከመሳቢያ አወጣሁና መሐሉ ላይ ለጠፍኳት። ዙሪያው እኩል ሆነ፤ ጣቢያውን ወደ ዜናው መለስኩት።

"አሁን ሸጋ" አሉ እትዬ ውዴ። ሳህኗን ያዩ ነበር፤ ከኮሚቴው ቀን ያውቋታል። "ይኸው ነው ሥራው?"

"ይኸው ነው፣ እትዬ።"

"ይችን ታህል ከሆነ፣ የኔን ምነው እምቢ አሉኝ?"

ሳህኗን ወደ መሳቢያዋ መለስኳት። ዜና አንባቢው በትክክለኛ ፊቱ ማንበቡን ቀጠለ።